የሐና ሊቆይ ይችላል

«የሐና ሊቆይ ይችላል» ስትል ሰማቻት። ተናጋሪዋ ታናሽ እህቷ ምህረት ናት። ሐና ለብ ያለ ውኃ በሳፋ ይዛ፣ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ የአባቷን መኝታ ቤት በር በክርኗ ልትገፋ ስትል ነው የሰማችው። ባለችበት ቆመች። ከውስጥ የአልጋው ሽቦ ሲጢጥ አለ። አባታቸው አቶ ነጋሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ይቆይ እንግዲህ» አሉ። ምን እንደሚቆይ ለማወቅ ሐና መጠየቅ አላስፈለጋትም። በዚያ ቤት ውስጥ «የሐና» የሚባል ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ይመጣሉ የተባሉት ሽማግሌዎች። ላኪው ታደለ ኦሞራቴ ዓሣ የሚነግድ፣ ሚስቱ ሞታበት አንዲት ልጅ የሚያሳድግ ሰው ነው። ቀጠሮው ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ፈርሷል። የመጀመሪያው አባቷ ሽንታቸው ተዘግቶ ሐኪም ቤት የገቡ ለት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ዝናቡ መንገዱን ቆርጦ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከገዘር መውረድ ያቃታቸው ቀን። በሩን ገፍታ ገባች፤ ሳፋውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ምህረት «እንዴት አደርሽ ሐንዬ» ብላ ጉንጯን ሳመቻት፤ ሐናም ተሳመች።

ምህረት ከሐዋሳ የመጣችው ባለፈው ሳምንት ነው። እዚያ አንድ ድርጅት ውስጥ የፕሮጀክት አስተባባሪ ናት። በመጣች ማግስት ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ነጭ ሰሌዳ ገዝታ ሳሎኑ ውስጥ ሰቀለች፤ የቤተ ክርስቲያኑን የቀን መቁጠሪያም ወደ ቁም ሣጥኑ ጎን አዛወረችው። ሰሌዳውን በመስመር ሦስት ቦታ ከፈለችው፤ በቀይ «ዛሬ የግድ»፣ በሰማያዊ «በዚህ ሳምንት»፣ በአረንጓዴ «ሊቆይ የሚችል»። ሊጠይቋት የሚመጡ ጎረቤቶች ቡናቸውን ይዘው ሰሌዳውን ሽቅብ እያዩ «አይ መማር» ይሉ ነበር። አንዷማ «ምህረት ደርሳላቸው ዳኑ» ብላ ሄደች፤ ይህን ስትል ያጠበችውን የአልጋ ልብስ በሁለት እጇ ታቅፋ የምታልፈውን ሐናን ጀርባዋን ሰጥታት ነበር። ሐና ሥራን ደረጃ ሰጥታ ሠርታ አታውቅም። የጠራትን ትሰማለች፣ እጇ አጠገብ ያለውን ታነሳለች፤ አባቷ ከጠሩ ወደ አባቷ፣ ድስቱ ከገነፈለ ወደ ድስቱ ነው። ያላለቀው ነገር በማግስቱ ራሱ ይጠራታል። ይህ አሠራር መሆኑን እንኳ አታውቅም ነበር፤ ምህረት «ቅደም ተከተል የሌለው አሠራር» ብላ ስም እስክታወጣለት ድረስ።

ከሁሉ ያቃጠላት ግን ሰሌዳው አልነበረም። አባቷ ከእሷ እጅ እየተነጫነጩ፣ አንዳንዴም እየተፉ የሚወስዱትን ክኒን ከምህረት እጅ እንደ ከረሜላ ይውጡታል። ሐና ስታጥባቸው «ውኃው ፈላ፣ ውኃው በረደ» ይላሉ። ምህረት ያመጣችላቸውን ወፍራም ሹራብ ግን በጂንካ ሙቀት አንገታቸው ድረስ ቆልፈው ላባቸው በግንባራቸው ሲወርድ እንኳ «ሞቀኝ» አላሉም። ምህረት አንድ ነገር ስትናገር ይስቃሉ። ሐና ያ ሳቅ ከየት እንደሚመጣ እያሰበች ድንቹን ትልጣለች፤ ስትልጥ ከልጣጩ ጋር ብዙ ድንች እንደሚሄድ ያየችው ዛሬ ነው።

ቁርስ ላይ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ ነበር፣ ሻይም አለ። ምህረት ብርጭቆዋን እንደያዘች ወደ ሰሌዳው ዞረች።

«ሐንዬ፣ የዛሬው ቀይ የሪፈር ወረቀቱ ነው» አለች። «እሱ ከሌለ አርባ ምንጭ አይቀበሉንም። ዓርብ አልጋ ተይዞልናል፤ ሐሙስ በጠዋት መሳፈር አለብን። መጀመሪያ እሱን ትጨርሺያለሽ፣ ከዚያ መድኃኒት ቤት፣ ሌላው ጊዜ ከተረፈሽ ነው።»

«መሳፈር አለብን ስትይ፣ እኔም?»

«አንቺ ከሌለሽ ማን ያስታምማቸዋል?»

«እሁድስ?»

ምህረት አባቷን አየቻቸው፤ እሳቸው ሻያቸውን አዩ። «እሁድ ይቆያል። አትቀየሚኝ ሐንዬ፣ ሁሉም ነገር እኮ እኩል አይደለም። ደረጃ ካልሰጠሽው ሁሉም እኩል ይጮህብሽና ዋናው ያመልጥሻል። ታደለም ሰው ከሆነ ይገባዋል።»

ትክክል ነበረች። ሐናን ያንገበገባትም ትክክል መሆኗ ነው። የአባት ሕክምና ከሽማግሌ ይቀድማል፤ ይህን ለማንም ብትነግረው ለምህረት ይፈርዳል። ሐና ተነስታ ብርጭቆዎቹን ስትሰበስብ ከሰሌዳው አረንጓዴ በኩል «የጣሪያው ማፍሰስ»፣ ከሱ ሥር «የዶሮ ቤት»፣ ከዶሮ ቤቱም ሥር «የሐና ጉዳይ» የሚል አየች። የምህረት የእጅ ጽሑፍ ያምራል። አባቷ መነጽራቸውን አድርገው ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች ሲያነቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርሱም አላቆሙም።

የአባቷን የሕክምና ካርድ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች። ጠዋቱ ብሩህ ነበር፤ የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ ፍየሎች ተበትነዋል፤ ተማሪዎች በሜዳው መሐል አቋርጠው ይሄዳሉ። መንገዱ ሁለት ቦታ የሚከፈልበት ስትደርስ አንድ ባጃጅ ጠጋ ብሎ «ሐኪም ቤት?» አላት። በየሳምንቱ ወደዚያ ስለምትሄድ ሾፌሮቹ ያውቋታል። «አይ፣ ወደ ገበያ ነኝ» አለችው። እግሯ አልነበረም የመራት፤ እያወቀች ነው የዞረችው። ለምን እንደዞረች ብትጠየቅ ደግሞ መልስ አዘጋጅታ ነበር፤ ለእሁድ ያሰፋችውን ቀሚስ ለመውሰድ ብቅ ብላ ትመለሳለች፣ ጊዜ አይፈጅም።

ልብስ ሰፊው ልዑልቃል ቀሚሱን ጨርሶ ሰቅሎታል። ውኃ ሰማያዊ ነው፣ አንገቱ ላይ ቀጭን ነጭ ጥልፍ አለው። ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ለበሰችውና መስታወቱ ፊት ቆመች። ወገቧ ላይ ልክ ነው። ልዑልቃል መቀሱን እንደያዘ በመስታወቱ ውስጥ አያትና ራሱን ነቀነቀ። «ጌታ ይመስገን፣ አልተበላሸም። ምህረት መጥታለች አሉኝ። ትናንት በዚህ ስታልፍ አይቻት ነበር፤ እንዴት ነው የተዋበችው» አለ። ሐና ከመስታወቱ ውስጥ አንዲት ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ስታያት አየች፤ አንገቷ ላይ የጨርቁ አዲስነት የቆዳዋን ማርጀት ያሳብቃል። ቀሚሱን ከመልበሷ በፊት ይህ አልታያትም ነበር። አውልቃ እንዲጠቀልልላት ሰጠችው። ወገቡን ትንሽ ቢያጠብላት እንደሚሻል ነገረችው፤ ልክ እንደሆነ ታውቃለች። እሱም አልተከራከረም፤ ወንበር አቀረበላትና ሊፈታው ጀመረ። ሐና ተቀመጠች። መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሰው እያየች፣ የሰፌድ ሻጯንና የገዢዋን የዋጋ ክርክር እያዳመጠች፣ ስፌቱ ተፈትቶ እንደገና እስኪሰፋ ድረስ ጠበቀች።

ከዚያ ወደ ብዙወርቅ ሱቅ ሄደች። ብዙወርቅ የታደለ አክስት ናት፤ ገበያው ጠርዝ ላይ ጨርቃ ጨርቅና የፕላስቲክ ጫማ ትሸጣለች። ሐናን ስታይ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥታ ሳመቻትና ከተቆለሉት ብርድ ልብሶች ላይ አስቀመጠቻት።

«ትናንት ደውሎ ነበር» አለች ብዙወርቅ። «እሁድ እንደማይቀር ነገርኩት። የገዘሩ አባትም በሚኒባስ ቅዳሜ ወርደው እኔ ቤት ያድራሉ። ምነው፣ ፊትሽ ልክ አይደለም?»

«አባዬ ትንሽ አላማረባቸውም።»

«እሳቸው መቼ አምሮባቸው ያውቃል። እንደሱ አትይኝ ልጄ። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ አይመለስም። ታደለ ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን ወንድ ነው፣ ሰው ደግሞ ይመክረዋል። ኦሞራቴም ሴት አለ።» ጫማ የሚጠይቅ ደንበኛ ገብቶ ቁጥሩን ፈልጋ ሰጠችውና ተመለሰች። «ሰው የራሱን ነገር መጨረሻ ላይ ካደረገው ሌላው ከየት አምጥቶ ያስቀድምለታል?»

ሐና እሁድ እንደቀረ አልነገረቻትም። «እሺ እትዬ» ብቻ አለች። ሻይ ተጋበዘች፣ ጠጣች፤ ሁለተኛ ስትቀዳላትም እንቢ አላለችም።

ሐኪም ቤት ስትደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። ወረቀቱን የሚፈርሙት ኃላፊ ወደ ስብሰባ ሄደዋል፤ ዛሬ እንደማይመለሱ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ነገረቻት። «ጠዋት ብትመጪ ኖሮ ታገኚያቸው ነበር፤ ረጅም ሰዓት እዚሁ ነበሩ» አለቻት። ሐና ራሷን ነቀነቀች። ወደ ውጭ ወጥታ ዛፉ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ስትቀመጥ የተሰማት ነገር ጸጸት አልነበረም። ቀለል አላት። ወረቀቱ ከሌለ ሐሙስ መሄድ የለም፣ ሐሙስ ካልተኬደ እሁድ አለ። ይህን አስባ ከጨረሰች በኋላ ነው የደነገጠችው። ከፊት ለፊቷ አንድ ሽማግሌ ሽንት የያዘውን ከረጢት በነጠላቸው ሸፍነው በልጃቸው ተደግፈው ያልፉ ነበር። ልጅቷ ከእሳቸው እርምጃ ጋር እርምጃዋን አስተካክላለች። ሐና ያን አረማመድ ታውቀዋለች፤ የራሷ ነው። ጥቅሉን ከጭኗ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ልትከት ሞከረች፤ አልገባ አላት።

ቤት ስትመለስ ምህረት ኮምፒውተሯን ከፍታ ሳሎን ተቀምጣለች።

«አገኘሽው?»

«ፈራሚዋ ስብሰባ ሄደዋል።»

ምህረት የሐናን ፊት አየች፣ ከዚያ ጥቅሉን አየች። የልዑልቃል ልብስ ስፌት በምን ዓይነት ላስቲክ እንደሚጠቀልል ጂንካ ውስጥ የማያውቅ የለም። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። «ስንት ሰዓት ነው የደረስሽው?» አለች ዝግ ብላ። ሐና ጥቅሉን ወደ ጀርባዋ አዞረችው። ምህረት ስልኳን አንስታ ወደ በረንዳው ወጣች። አብሯት የተማረ አብነት የሚባል ልጅ እዚያው ሐኪም ቤት ይሠራል፤ ሐና በስም እንኳ አታውቀውም። ሳቅ ተሰማ፣ «ውለታህ አለብኝ» ተሰማ። ምሳ በልተው ሳይነሱ አብነት በሞተር ሳይክል መጣ፤ ስብሰባው ድረስ ሄዶ ኃላፊዋን ያስፈረመውን ወረቀት በፖስታ ይዟል። አባታቸውን ሰላም ብሎ፣ ሐናንም «ጠዋት ዘግይተሽ ነው እንጂ እኮ ቀላል ነበር» ብሏት ሄደ። ክፋት አልነበረበትም። ምህረት ተነስታ ከሰሌዳው ላይ ቀዩን በአንድ ሰረዝ ሰረዘችው። ሐና ግማሽ ቀን ደክማ ልታበላሸው ያልቻለችውን ነገር እህቷ በአንድ ስልክ አስተካከለችው፤ ከዚያም ስለሱ አንድም ቃል አልተናገረችም። አለመናገሯም እንደ ሹራቡ፣ እንደ እጅ ጽሑፉ፣ የሚያስቀና ነበር።

ሐና ወደ አባቷ ክፍል ገባችና በሩን ዘጋች። አቶ ነጋሽ አልተኙም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ክፍሉ የማጽጃ ክሬዞልና የአሮጌ ጋዜጣ ሽታ አለው፤ የመንገድ ሥራ ሾፌር በነበሩበት ጊዜ የተነሱት ፎቶ ግድግዳው ላይ ዘመም ብሏል።

«አባዬ፣ የሐና ይቆይ ብለዋል?»

«ምህረት ናት ያለችው።»

«እርስዎም ይቆይ ብለዋል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

አቶ ነጋሽ የሹራባቸውን ቁልፍ ነካኩ። «ምህረት እንግዳ ናት» አሉ። «እንግዳ የተናገረውን እሺ ይሉታል፤ ነገ ትሄዳለች። ክኒኑንም እሺ፣ ሰሌዳውንም እሺ። አንቺ ግን…» አማርኛው አላዳርስ ያላቸው ይመስል ወደ አሪኛ ዞሩ። ከሐና ጋር ብቻ ነው በአሪኛ የሚያወሩት፤ ምህረት ቋንቋውን ረስታዋለች። «አንቺ እኔው ነሽ። ሰው ራሱን ያስቀድማል እንዴ? መጀመሪያ ለሌላው ነው። የራስ ከተረፈ ነው።»

ይህን ቃል ሐና ለብዙ ጊዜ ስትመኘው ኖራለች። ምህረት የሌላት ነገር እንዳላት የሚነግራት አንድ ቃል ፈልጋ ነበር፤ ይኸው መጣ። ከእህቷ የሚበልጥ ቦታ ነበራት፤ ቦታው ግን የመጨረሻው ነበር። ለክፋት ብለው እንዳላሉት ገባት። በሕይወታቸው ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ሊሰጧት የሚችሉት ነገር አልነበራቸውም። ዓይናቸው እርጥብ ነበር፣ አፋቸው ትንሽ ተከፍቶ መልሷን ይጠብቃሉ።

«እንግዲያው እኔም እንግዳ ልሁን፣ አባዬ» አለቻቸው በአሪኛ።

አቶ ነጋሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና፣ ምህረትን እሺ በሚሉበት ድምፅ «እሺ» አሏት።

ሐና በረንዳ ላይ ቆማ ለብዙወርቅ ደወለች። «እትዬ፣ እሁድ አይሆንም» አለቻት። «ነገ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ይምጡ። አባዬ ሐሙስ ወደ አርባ ምንጭ ይሄዳሉ። ከመሄዳቸው በፊት ይሁን።» ብዙወርቅ ትንፋሿን ስትሰበስብ ተሰማት። ገዘር ዛሬውኑ ሰው እንደምትልክና ሽማግሌው በጠዋቱ ሚኒባስ እንደሚወርዱ ነገረቻት። «ታደለን እኔ ልንገረው ወይስ አንቺ ትነግሪዋለሽ?» ስትላት ሐና «እኔ እነግረዋለሁ» አለች፤ ድምጿ ለራሷም አዲስ ሆነባት።

ምህረት በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

«ነገ? ምን ተሰናድቶ?»

«ሻይ አለ፣ ዳቦ እደፋለሁ። አርባ ምንጭ እኔ አልሄድም፤ አንቺ ታስታምሚያቸዋለሽ።»

«እኔ? ሐንዬ፣ የሽንት ቱቧቸውን እንኳ ነክቼው አላውቅም። ፈቃዴም ሰኞ ያልቃል፤ አንድ ትልቅ ሪፖርት አለብኝ፣ ከሱ የሚቀድም…»

አላስጨረሰቻትም። «ሊቆይ ይችላል» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጠችው። «ነርሶቹ ያሳዩሻል። እኔም ስጀምር አላውቅም ነበር» አለች። ምህረት በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጠችና ጉልበቷን አቀፈች። ሐናም ከጎኗ ተቀመጠች። ብዙ ጊዜ እንዲህ ጎን ለጎን ተቀምጠው አያውቁም። የጎረቤት ራዲዮ መዝሙር ያሰማል። ቆይታ ምህረት «ጥሩ ሰው ነው?» ብላ ጠየቀቻት። በመጣችበት ሳምንት ሙሉ ስለ ታደለ ስትጠይቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «ዝምተኛ ነው» አለች ሐና። «ስናገር ግን ይሰማል።»

ሲመሻሽ አባታቸው ጢማቸው እንዲላጭ ፈለጉ፤ ነገ ሰው ይመጣል። ሐና ምላጩንና ሳሙናውን አውጥታ ልትገባ ስትል ምህረት እጇን ዘረጋች። «ስጪኝ፣ ልሞክረው። አርባ ምንጭ ማን ሊላጫቸው ነው?» ሐና ሰጠቻት። አገጫቸው ሥር ያለችው ጠባሳ ጋ ስትደርስ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች እንዳትስብ ልትነግራት አሰበች፤ ተወችው። ምህረት ገባች፣ በሩን ገርበብ አደረገችው። ሐና ሳሎን ውስጥ ዱቄቱን ለማቡካት ተንበርክካ፣ እጇ ሊጡ ውስጥ እንዳለ አዳመጠች። የምላጩ ጭረት ይሰማል፣ ያቆማል፣ ይቀጥላል። እህቷ ፈርታለች፣ ቀስ እያለች ነው። ጠባሳው ጋ የደረሰች ጊዜ ጭረቱ ረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ የአባቷ ድምፅ መጣ፣ ለስለስ ብሎ፦

«እጅሽ ቀላል ነው ልጄ።»

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ሐናን እንደዚያ ብለዋት አያውቁም። ከተንበረከከችበት ተነሳች። ሊጡ ከጣቶቿ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ በሩ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደች፤ ገብታ ምላጩን ከእህቷ እጅ ልትነጥቅ፣ «እኔ ነኝ የማውቃቸው» ልትል። ነገ ሽማግሌ የሚመጣላት ሴት፣ እንግዳ ልሁን ያለች ሴት፣ ገርበብ ካለው በር የሚወጣውን ብርሃን እያየች ቆመች። ከውስጥ ምህረት በለሆሳስ ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ። ሐና ተመልሳ ተንበረከከችና ሊጡን በሁለት እጇ ጨበጠችው፤ ከሚገባው በላይ አሸችው።